የኦቲሊያ ስም የተጻፈበት ገጽ

በሜክሲኮ ተራሮች መካከል ባለችው መንደር በሳንታ ኢኔስ ያጎቤ፣ ስለ ኦቲሊያ ካንሴኮ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። «አይ፣ እሷማ እሳት ናት» ይላል። እሳቱን ማን እንዳቀጣጠለው ሲጠየቅ ግን ወደ ዝናቡና ወደ በቆሎው ወሬ ይዞራል። እኔ አልዞርም። የዚያው መንደር ሰው ነኝ፤ ማን እንጨት እንደጨመረ፣ ማን እፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ የራሴም እጅ ንጹሕ አይደለም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ በሆሳዕና ዋዜማ ሞተ። ከከተማ የመጣው ሠራተኛ «ይሄ አበቃለት፣ ጣሉት» ብሎ ሄደ። ኦቲሊያ ሳጥኑን ፈትታ፣ ምስማር አግላ፣ የተበጠሱትን ሽቦዎች በየቦታቸው በየዳችና ዘጋችው። በማግሥቱ የቄሱ ድምፅ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ። ቄሱም በሕዝብ ፊት አመሰገኑ፤ ያመሰገኑት ግን አባቷን ነበር። «ልጅህን በደንብ አሳድገሃል» አሏቸው። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። የመጀመሪያው እንጨት ያ ነው።

ከዚያ ወደ ኦዋካ ከተማ ወርዳ ኤሌክትሮኒክስ ተማረች። ከአርባ ሦስት ተማሪዎች ሴቶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ አግብታ አቋረጠች። ኦቲሊያ ተመርቃ የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ገባች፤ በስድስተኛው ዓመት ስምንት ወንዶች ከሥሯ ነበሩ። ሲጠሯት «ኢንጂነር» ነው የሚሏት፤ ለቀልድ አይደለም። የመንደሯን ልጅ አናጢውን ፊደንሲዮ ዬስካስን ያገባችውም እዚያው ሳለች ነው። ልጃቸው ያሬትሲም ከተማ ተወለደች።

ያሬትሲ ሁለት ዓመቷ ላይ የፊደንሲዮ እናት፣ እማማ ጋውዴንሲያ፣ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በእኛ መንደር እናትን የሚጦረው የመጨረሻው ልጅ ነው። የመጨረሻው ልጅ ማለት ሚስቱ ማለት ነው፤ ይህንን ለማስረዳት ማንም አይደክምም። ትልቁ ወንድሙ ኤራስቶ ሎስ አንጀለስ ነው፤ ብር ይልካል፤ ይናፍቃል፤ ያለቅሳል። ኦቲሊያ ዕቃዋን ሸክፋ ተራራውን ወጣች።

ድርጅቱ አልለቀቃትም፤ «ከዚያው ሆነሽ ሥሪ» አሏት። በምን ትሥራ? ያን ጊዜ ያጎቤ ውስጥ ስልክ ለመደወል ሁለት ሰዓት በእግር ወደ ሸንተረሩ ይወጣ ነበር። ትልቁ የስልክ ድርጅት ተለምኖ፣ ተጽፎለት፣ ሽማግሌ ተልኮበት «ለመቶ ሰማንያ ቤት አንቴና አናቆምም» ብሎ ነበር። ኦቲሊያ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ራሳችን እናቆማለን» አለች። የሳቀባት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

አቆመችው። ከሥራ ባልደረቦቿ አሮጌ ማሠራጫ ሳጥን ለመነች፤ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞችን አውርዳ እያነበበች፣ እያበላሸች፣ እንደገና እያስተካከለች ስምንት ወር ፈጀች። ምሰሶውን መንደሩ በሙሉ በወል ሥራ ቀን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ አወጣው፤ እውነቱን ለመናገር ያ ቀን ደስ ይል ነበር። የመጀመሪያውን ስልክ የደወሉት እማማ ጋውዴንሲያ ናቸው። ኤራስቶ ከሎስ አንጀለስ «እማ!» ሲል ምርኩዛቸውን ጥለው ቆሙ። ሁላችንም አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት። ጎህ ሲቀድ በቆሎውን ወደ ወፍጮ ታደርሳለች፤ ሊጡን ይዛ ተመልሳ ቶርቲያ የሚባለውን ቂጣ ጠፍጥፋ ባልና ልጅ ታበላለች፤ አማቷን ታጥባለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ለከተማው ድርጅት ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ነው። የአንዱ ስልክ አይጠራም፤ የሌላው ልጅ የይለፍ ቃል ረስቷል፤ ንፋስ አንቴናውን አዙሮታል። በቀሚሷ ላይ የባሏን ሱሪ ደርባ ምሰሶው ላይ ስትወጣ አሮጊቶች ያማትባሉ፤ ወንዶች ከታች ቆመው ምክር ይሰጣሉ። ወንድ ምክር ለመስጠት ምሰሶ መውጣት አያስፈልገውም።

በእኛ ዘንድ ሰው የሚለካው በአገልግሎቱ ነው። መንደሩ ጉባኤ ተቀምጦ ስም ይጠራል፤ የተጠራው አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለግላል። መጀመሪያ መልእክተኛ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ኮሚቴ፣ ከዚያ የውሃ፣ እያለ እስከ መንደሩ ፕሬዚዳንትነት ይወጣል። የሠራው ሁሉ በትልቁ የአገልግሎት መዝገብ ውስጥ ይገባል። በዚያ መዝገብ ስም ያለው በጉባኤ ይናገራል፣ እጁን ያወጣል። ስም የሌለው እንግዳ ነው፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው ቢቀበርም። ስሙ ደግሞ የሚጻፈው የቤቱ ራስ ነው። ባል ያላት ሴት ቤቷ ራስ አለው፤ ባል የሞተባት ግን ራሷ ራስ ትሆናለች። ስለዚህ የኦቲሊያ አበልጅ ኤርሚላ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ በጉባኤ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደ ማንኛውም ሰው ትጮኻለች።

«አበልጅ» ትላት ነበር ኤርሚላ፣ «ስም ከፈለግሽ መንገዱ አጭር ነው። ፊደንሲዮን ልግደልልሽ?»

«እስቲ መጀመሪያ የጀመረውን ቁም ሳጥን ይጨርስልኝ» ትላለች ኦቲሊያ፣ ይስቃሉ። የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ሥራዋ በስሟ እንዲጻፍ። ደመወዝ አልጠየቀችም፤ ምስጋናም ጠግባለች። ስሟን ነው።

በሰባተኛው ዓመት፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ጉባኤው ስልኩን ይፋዊ አገልግሎት ሊያደርገው ተሰበሰበ። ያለፉት ሰባት ዓመታትም ታስበው ለሠራው ሰው ይመዘገባሉ ተባለ። ኦቲሊያን ጠርተው ማብራሪያ አስደረጓት። ሥዕል ይዛ ገባች፤ ስለ አንቴናው፣ ስለ ሳጥኑ፣ ለሚመጣው ዓመት ምን እንደሚያስፈልግ አንድ ሰዓት ተናገረች። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፕሬዚዳንቱ ዶን ኤልፒዲዮ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር አመሰገኗት፤ «የመንደራችን ጌጥ» አሏት።

«አሁን ምርጫ ስለሆነ፣ ልጄ፣ ውጪ ጠብቂን» አሏት ቀጥለው።

ወጣች። በረንዳው ላይ ሴቶቹ የጉባኤውን ባቄላ ያማስላሉ። ከጣሪያው ሥር ድምፅ ማጉያው ይናገራል፤ ሽቦውን ራሷ ነበረች የዘረጋችው። በዚያ ማጉያ፣ በራሷ ሽቦ፣ የጸሐፊው የናቦር ድምፅ መጣ።

«የስልክ አገልግሎት ኃላፊ፣ ፊደንሲዮ ዬስካስ። ያለፉት ሰባት ዓመታት ለቤቱ ተይዘው፣ በቤቱ ራስ በፊደንሲዮ ዬስካስ ስም ይመዝገቡ።»

ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ልማድ ነው ብዬ። ምን ዓይነት ልማድ ነው እጅን ከጭንቅላት ቀድሞ የሚያንቀሳቅስ!

ፊደንሲዮ ቤት ሲደርስ የሹመቱን በትር ይዞ ነበር። በትሩ ጫፉ ላይ ሪባን አለው። በሩ ጥግ አስደገፈው፤ ኦቲሊያ በትሩን አየችው፣ እሱን አየችው።

«አፍ የለህም?» አለችው።

«ምን ልበል ታዲያ? ስሜን ሲጠሩ ተነሥቼ ምን ልበል?»

«‹እኔ አይደለሁም› በላ! ሁለት ቃል! ምሰሶ ውጣ አላልኩህ!»

«አንድ ቤት አይደለንም እንዴ፣ ኦቲ? በእኔ ተጻፈ በአንቺ ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነት ከሌለው በእኔ ይጻፋ!»

ፊደንሲዮ ክፉ ሰው አይደለም። አይማታም፣ አይጠጣም፣ ልጁን ይወዳል። ግን በሰባት ዓመት ውስጥ የመልእክተኛውንም፣ የኮሚቴውንም ደረጃ ሳይረግጥ በአንድ ቀን ሽቅብ ወጥቶ ነበር፤ ወንበሩ ሞቆት ነበር። ደግ ሰው የሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከክፉው ይልቅ ያናድዳል፤ ለመጣላት እንኳ አይመችም።

እማማ ጋውዴንሲያ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ተይው ልጄ» አሏት። «እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

«አላለቀም፣ እማማ» አለች ኦቲሊያ። «ገና መጀመሩ ነው።»

በማግሥቱ ደብተሯን አወጣች። ስለ ሳጥኑ የምታውቀው ሁሉ በዚያ ደብተር ውስጥ ነበር፤ ቢበላሽ ምን እንደሚፈታ፣ ምን እንደሚቀየር፣ መለዋወጫው በየትኛው መሳቢያ እንዳለ። ደብተሩን ከማሠራጫው ክፍል ቁልፍ ጋር ባሏ እጅ ላይ አኖረችው።

«አዲሱ ዓመት እስኪገባ ሁለት ወር አለ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ላስተምርህ። ዓመቱ ሲገባ ግን ሥራው የተጻፈለት ሰው ይሥራው። እኔ እጄን አላነሣም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ። ሁለቱን ወር በሙሉ «ነገ» እያለ አሳለፈው። የሚበርድላት መስሎት ነበር። ሁልጊዜ ይበርድላት ነበራ።

ዓመቱ ገባ። ሦስት ሳምንት ያህል ሳጥኑ በራሱ ጊዜ ሠራ፤ ፊደንሲዮም በትሩን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ። የቅድስት ኢኔስ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ በኃይል መጣ። የሦስት ሰው ቤት ቴሌቪዥን ተቃጠለ። ስልኩም ሞተ።

እንግዲህ አስቡት። የበዓሉ ሳምንት ነው። ከሎስ አንጀለስ፣ ከሜክሲኮ ከተማ፣ ከየትም ያሉ ልጆች የሚደውሉበት፣ የሙዚቃ ጓዱ የት ደረሰ የሚባልበት፣ በሬው ተገዛ አልተገዛም የሚባልበት ሳምንት። እማማ ጋውዴንሲያ እሑድ በሦስት ሰዓት ኤራስቶ ስለሚደውል ነጠላቸውን ለብሰው ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት አለፈ።

«ኦቲሊያ» አሉ፣ «ይሄ ነገር ምን ሆኗል?»

«የተሾመውን ይጠይቁት፣ እማማ።»

የተሾመው ኮረብታው ላይ ነበር። የክፍሉን በር ከፍቶ ሳጥኑን አየው። ያለውን ቁልፍ ሁሉ ተጫነ። መታው። ከታች የተሰበሰበው ሰው «ደግመህ ምታው!» ይለዋል። ኤርሚላም አልቀረችም። «ፊደንሲዮ! በትሩን አስደግፍበት፣ ሹመት አይቶ ይነሣ ይሆናል!» ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

እኩለ ቀን ላይ መልእክተኛው ኦቲሊያን ሊጠራ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ሹማምንቱ በሙሉ ተሰይመዋል፤ አደባባዩ በሰው ተሞልቷል። ኦቲሊያ የሊጥ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች።

«ልጄ» አሉ ዶን ኤልፒዲዮ፣ በማር በተለወሰ ድምፅ፣ «ውጪና አንድ ጊዜ እይልን።»

«ምኔን ይዤ ልይ፣ ዶን ኤልፒዲዮ?»

«ያው… እውቀትሽን።»

«እውቀቴ ውጪ ይጠብቅ ተብሎ የለም እንዴ? እየጠበቀ ነው።»

«ኦቲሊያ፣ በዓል ነው! ሕዝብ ተቸግሯል!»

«ሕዝቡ ኃላፊ አለው። በመዝገብ ተጽፏል፣ አጨብጭባችኋል። ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ የእናንተው መዝገብ እንዲህ ይላል። የሰባት ዓመት ባለሙያ አንድ ፊውዝ ያቅተዋል?»

አገልግሎቱን ያጓደለ ሰው በእኛ ሕግ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይታሰራል፤ ፕሬዚዳንትም ቢሆን። ዶን ኤልፒዲዮ ከኦቲሊያ ጋር መጋፈጡን ስላልወደዱት ወደ ፊደንሲዮ ዞሩ።

«ደብተር ሰጥታህ አልነበረም? የት አለ?»

ፊደንሲዮ መሬት መሬት አየ። ደብተሩ የአናጢ ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ ስለነበር ከሥሩ ገብቷል፤ ሙጫም ፈሶበታል። ያሬትሲ ናት ለእናቷ ጠዋት አውጥታ ያሳየቻት። ኦቲሊያ የተጣበቁትን ገጾች ልትለያይ ሞክራ ነበር፤ ተቀደዱ። ሰባት ዓመት የጻፈችው ለጠረጴዛ እግር ሆኖ!

«እሰሩት» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

መልእክተኛው ክንዱን ሲይዘው ፊደንሲዮ ደነገጠ። የደነገጠ ሰው እውነት ይናገራል።

«ኧረ እኔ ምን አድርጌ ነው!» አለ። «እኔ ስለዚያ ሳጥን ምንም አላውቅም! ሥራው የእሷ ነው! ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ከመጀመሪያውም የእሷ ነው!»

ሰባት ዓመትና ሦስት ወር ስትጠብቀው የኖረችው ቃል መጣ፤ የመጣው ግን ከእስር ለማምለጥ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከመንደሩ ሁሉ ይልቅ እሱን ጠላችው።

ዶን ኤልፒዲዮም ተናደዱ፤ ሕዝብ ፊት ሲዋረዱ እንዲያ ነው። «እንግዲያው እሷ ናት ያጓደለችው! እሷን እሰሯት!»

«እሰሩኝ» አለች ኦቲሊያ።

እየቀደመቻቸው ወደ ናቦር ጠረጴዛ ሄደች። ናቦር የእስረኞችን መዝገብ ከፈተ። ብዕሩን አንሥቶ ስሟን ጻፈ፤ ከዚያ ቆመ።

«ዶን ኤልፒዲዮ፣ እዚህ ጋ ‹አገልግሎት› የሚል አለ። ምን ብዬ ልጻፍ? እሷ እኮ አገልግሎት የላትም።»

«የስልክ አገልግሎት ኃላፊ ብለህ ጻፍ! ምን ያስጠይቅሃል!»

«ጻፍ፣ ናቦር» አለች ኦቲሊያ። «አጥርተህ ጻፍ።»

ጻፈ። አስነበበችው። ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ኦቲሊያ ካንሴኮ፣ የስልክ አገልግሎት ኃላፊ፣ አገልግሎቷን በማጓደሏ።»

«ማኅተሙስ?» አለች።

ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ማኅተሙን ነጥቀው፣ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መቱት። ኤርሚላ ብቻ ናት የገባት። አፏን በመዳፏ ይዛ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እስር ቤታችን ከማዘጋጃ ቤቱ ሥር ነው፤ የእንጨት ፍርግርጉ ወደ አደባባዩ ያያል፤ እስረኛ እንዲታይ ሆን ተብሎ ነው። ኦቲሊያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን አየችው። አብዛኞቻችን በሌላ መንገድ ዞርን።

ከሰዓት በኋላ እማማ ጋውዴንሲያ በምርኩዛቸው እየተንገዳገዱ መጡ። ያንን ቁልቁለት ከወደቁ ወዲህ ብቻቸውን ወርደውት አያውቁም። በጨርቅ የተጠቀለለ ቶርቲያና ባቄላ በፍርግርጉ አሾለኩ።

«ልጄ ሳይደውልልኝ ቀረ» አሉ። «በአንቺ ምክንያት። ይህንን አልረሳልሽም።»

«አይርሱ፣ እማማ።»

«ዝም ብለሽ ብዪ፤ አልጨረስኩም።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከክርናቸው እስከ አንጓቸው የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ሟቹ ባለቤቴ የበዓሉ አስተናጋጅ የሆነ ዓመት ሦስት መቶ ሰው መገብኩ። ዘጠኝ ቀን አልተኛሁም። ድስቱ በዚህ ክንዴ ላይ ፈሰሰ፤ በጨርቅ አሥሬ ማማሰሌን ቀጠልኩ። መዝገቡ ላይ ሄደሽ እዪ፤ ‹ዶን ክሪሶፎሮ ዬስካስ በዓሉን አሳምሮ አስተናገደ› ይላል። አሳምሮ! ሰውየው እሳት የት እንደሚነድ አያውቅም ነበር!» ምርኩዛቸውን በፍርግርጉ ላይ መቱት። «አርባ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ። ለማን እላለሁ?»

ኦቲሊያ ቶርቲያውን አስቀመጠች። «ለእኔ ይበሉ» አለች።

«ብያለሁ እኮ። ማኅተም መትተዋል?»

«መትተዋል።»

«እንግዲያው ቀንሽን ሳትጨርሺ እንዳትወጪ። ዛሬ ማታ ‹ይቅር ብለንሻል፣ ውጪ› ይሉሻል። እንዳትሰሚያቸው።»

እንዳሉት ሆነ። ሊመሽ ሲል ናቦር ቁልፍ ይዞ መጣ፤ «ዶን ኤልፒዲዮ ምሬሻለሁ ብለዋል» አለ። ኦቲሊያ «ሕጉ ሙሉ ቀን ነው፣ በሩን ዝጋው» አለችው። ከውስጥ ሆና እስር ቤቷን የምታስከብር እስረኛ ያኔ ነው ያየነው።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ወጣች። ቤት ገብታ ከመሳቢያው ፊውዝ አነሣች፣ የባሏን ሱሪ ደረበች፣ ኮረብታውን ወጣች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ስልኮቹ በየቤቱ አንድ ላይ መጮህ ሲጀምሩ ሰው ከየበሩ ወጣ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ። ወደ ታች አላየችም። ኤራስቶ ለእናቱ ደወለ።

ከበዓሉ በኋላ ጉባኤ ተቀመጠ። ኦቲሊያ ድምፅ ስለሌላት በረንዳው ላይ ቆመች፤ የተነሣችው ኤርሚላ ናት።

«የእስረኞች መዝገብ ይነበብልኝ» አለች። «የመጨረሻው ገጽ።»

ናቦር ፕሬዚዳንቱን አየ፤ ከማንበብ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ አነበበው።

«ዶን ኤልፒዲዮን ልጠይቅ» አለች ኤርሚላ። «አገልግሎት የሌለው ሰው ‹አገልግሎት አጓደልክ› ተብሎ ይታሰራል?»

«አይታሰርም፣ ግን…»

«ያለ ጥፋቱ ሰው ያሰረ ሹምስ? ምን ይሆናል በሕጋችን?»

መልሱን የማያውቅ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ያሰረውን ቀን እጥፍ አድርጎ ራሱ ይታሰራል።

«በንዴት የተጻፈ ነው» አሉ ዶን ኤልፒዲዮ። ላባቸው በግንባራቸው ወርዷል። «ይፋቅ!» አሉ ከወንዶቹ አንዳንዶቹ።

ከበረንዳው፣ ከባቄላው ድስት አጠገብ፣ የኦቲሊያ ድምፅ መጣ። ማንም እንድትናገር አልፈቀደላትም።

«በንዴት ይሁን በእርጋታ፣ ማኅተም አለበት! ወይ ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ ወይ እርስዎ ሁለት ቀን ይታሰራሉ። ይምረጡ! እኔ እንደሆነ ድንጋዩን አሙቄልዎታለሁ!»

በረንዳው ላይ ያሉት ሴቶች ማማሰያቸውን ድስት ላይ መቱ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በረንዳ ተሰምቶ አያውቅም።

እጅ ወጣ። የዚህ ዓመት አገልግሎት በኦቲሊያ ካንሴኮ ስም ይጻፍ ተባለ፤ በጥቂት እጅ ብልጫ። እኔም ያን ቀን እጄን አወጣሁ፤ በእሱ ልመሰገን አልፈልግም። ፊደንሲዮም አወጣ። ከዚያ ኤርሚላ «ሰባቱ ዓመታትስ?» ስትል አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። «ያለፈው አለፈ» አሉ። «የተጻፈ አይፋቅም» አሉ፤ እነዚያው ከአፍታ በፊት በንዴት የተጻፈ ይፋቅ ሲሉ የነበሩት። ድምፅ ተሰጠ። ኦቲሊያ በበሩ ውስጥ ባሏን አየችው። ሁለቱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ። ሰባቱ ዓመታት በስሙ ከቀሩ አንድ ቀን ፕሬዚዳንት ይሆናል፤ ይህን ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ሰባቱ በስሙ ቀሩ።

አሁንም አንድ ቤት ይኖራሉ። ቁም ሳጥኑን ጨርሶላታል፤ በቆሎውንም ወደ ወፍጮ የሚያደርሰው እሱ ሆኗል፤ ሳይባል ነው የጀመረው። ኦቲሊያ ግን ይቅር አላለችውም፤ አንዳንድ ቀን በምሳ መሐል ማንኪያዋን አስቀምጣ «ሰባት ዓመቴን መልስ» ትለዋለች፣ ጨው አቀብለኝ እንደማለት። ሰው ይህን ሰምቶ «ይቺ ሴትዮ አትበርድም» ይላል። ለምን ትብረድ?

ባለፈው ወር ያሬትሲ ለትምህርት ቤት የመንደሩን ታሪክ ጻፊ ተባለች። ናቦር የአገልግሎት መዝገቦቹን አወጣላት። ባል ያላት ሴት ስም ስትፈልግ ዘጠና ዓመት ገለጠች፤ ከእናቷ በፊት አንድም የለም። የእናቷም ቢሆን የመጀመሪያው እዚያ አልነበረም። በሌላኛው፣ በቀጭኑ የእስረኞች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ በሁለት ሰካራሞችና በአንድ በቆሎ ሌባ መካከል። ልጅቷ እንዳየችው ገለበጠችው፤ መምህሯ «ይህን መስመር አውጪው» ሲላት «እናቴ ማውጣቱን አትፈቅድልኝም» አለችው።